ሁለት እጅ በአንድ ራስ

መሪማ ከመካ እስከ ባሕራ በልጇ መኪና ስትጓዝ ሁለት እጇን ከራሷ ላይ አላወረደችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ በሻሹ ላይ ጥቁሩን ሂጃብ ደርባለች፤ እንዲያም ሆኖ አላመነችውም። መኪናው በነጠረ ቁጥር ራሷን እንደ ድስት ክዳን ግጥም አድርጋ ትይዛለች።

«ኡሚ፣ ራስሽን አሞሻል?» አለ ያሲር።

«ምን ያመኛል? ነፋሱ ነው።»

«መስኮቱ ዝግ ነው እኮ።»

«የኤሲው ነፋስ ነዋ! አንተ መንገድህን እይ። ያ ጭነት መኪና ተጠግቶሃል። ወገብህ እንዴት ነው? ጠዋት ምን በላህ?»

ያሲር እናቱ ጥያቄ ስታበዛ አንድ ነገር እንደደበቀች ያውቃል። ግን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ባሕራ የሚመጣው የመኪና መለዋወጫ ሊገዛ ነው እንጂ የእናቱን ሻሽ ሊመረምር አይደለም። ጭነት መኪናውን አሳልፎ ነዳ።

ከሻሹ ሥር ያለው ጉድ ሹሩባ ነበር። በስልሳ ዓመቷ ሹሩባ መሠራቷ አይደለም ጉዱ። ሹሩባውን የሠራችው ጽጌሬዳ አለመሆኗ ነው።

መሪማና ጽጌሬዳ የተገናኙት ድሮ፣ በወጣትነታቸው፣ ጅዳ ውስጥ ሩዋይስ ሰፈር፣ ብዙ ሴቶች ተፋፍገው በሚያድሩባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መሪማ ከወረኢሉ፣ ጽጌሬዳ ከኮምቦልቻ። መሪማ ስትሰግድ ጽጌሬዳ ድምፅዋን ትቀንሳለች፤ ጽጌሬዳ ስትጾም መሪማ ሥጋዋን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላለች። አንድ ጊዜ መሪማን ትኩሳት ጣላትና ስትነሣ ጸጉሯ እንደ በግ ለምድ ተድበልብሎ ተገኘ። ሌሎቹ ሴቶች «ይላጭ» ብለው ፈረዱ። ጽጌሬዳ መቀሱን ነጥቃ አልጋ ሥር ወረወረችው። በማበጠሪያና በዘይት ስትፈታው ዋለች፤ ስትፈታው አደረች፤ ሲነጋ ሹሩባ ሠራችላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ራስ የእኔ ነው» አለቻት። «ማንም እጁን እንዳያስገባበት።»

«ያንቺስ ራስ?»

«የእኔም ያንቺ ነዋ። መሥራት እንኳ አትችዪም፤ ግን ምን ይደረግ!»

እውነቷን ነበር። የመሪማ ሹሩባ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ክር ነው። ጽጌሬዳ ግን ያንኑ ይዛ ሠርግም ክርስትናም ትሄድ ነበር። ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ባል ሞተ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ ታደሰ፣ ማዳም ተቀየረች፤ ውሉ ግን አልተቀየረም።

ከዚያ የያሲር ሥራ መካ ሆነና እናቱን ይዟት ሄደ። ጽጌሬዳ ክርስቲያን ናት፤ መካ መግባት አይፈቀድላትም። መሪማ ደግሞ ጉልበቷ ጅዳ ድረስ አያመላልሳትም። ስለዚህ በመንገዱ መካከል ያለችው ባሕራ ተመረጠች። ጎማና ዘይት በሚሸጥባት በዚያች ከተማ ዘይነብ የምትባል የአገራቸው ሴት ዓባያ የምትሰፋበት ሱቅ አላት፤ ከመጋረጃው ኋላ የጨርቅ ጥቅል የሚከመርባት ጠባብ ክፍልም አለች። ሐሙስ ከሰዓት ጽጌሬዳ ከምግብ አብሳይነቷ ስትፈታ በታክሲ ትመጣለች፤ ሁለቱ በጨርቁ መካከል ተቀምጠው አንዷ ያንዷን ራስ ትሠራለች፤ ሰው ያማሉ፤ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ፤ መልሰው ያማሉ። ጽጌሬዳ ስልክ አትወድም። «በስልክ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ የሚዋሸኝ ይመስለኛል» ትላለች። ሐሙስ ከቀረ ጽጌሬዳ ቀረች ማለት ነው። መሪማ የምትፈራው ይህን ነው።

ታዲያ ምን ቆርጧት አደረገችው?

የጽጌሬዳ ማዳም እንግዳ በዝቶባት አብሳይዋን አልለቅም አለች። አንድ ሐሙስ አለፈ፤ ሌላም ተከተለ፤ የመሪማ ራስ ያሳክካት ጀመር። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቷ ሰዒዳ ደግሞ አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። የሰዒዳ አያቶች ከኢትዮጵያ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሷ መካ ተወልዳ መካ አርጅታለች። አማርኛዋን ከአያቷ ስለወረሰች አንዳንዴ ከመቃብር የተነሣ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ባሏ ከሞተ በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ልጆቿን አስደንግጣለች፤ አሁንም እያስደነገጠች ነው።

«እመቤት መሪማ» አለቻት፣ «ራስሽን እንደ ዶሮ ስትጭሪ ማየት ሰለቸኝ። ያላ፣ ተቀመጪ!»

መሪማ ተቀመጠች። የሰዒዳ እጅ ለስላሳ ነበር፤ ዘይቷ ዓረቦቹ የሚታጠኑትን የሽቶ እንጨት፣ ዑድ ዑድ ይሸታል። አላህ ይቅር ይበላትና መሪማን እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ያለቀ የተጠናቀቀ ሹሩባ ራሷ ላይ አገኘች።

ባሕራ ስትደርስ ጽጌሬዳ ቀድማ መጥታ ማበጠሪያዋንና የኮኮናት ዘይቷን በጨርቅ ጥቅል ላይ ደርድራ ነበር።

«ነይ፣ ነይ! ራስሽ ናፈቀኝ» አለች። «ፊትሽን ተይው፤ እሱ ያው ነው።»

«ዛሬ ይቅርብኝ ጽጌ። ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጉንፋን በአፍንጫ ነው እንጂ በጸጉር ነው እንዴ?»

«ብርድ እንዳይገባው ብዬ...»

«ባሕራ ላይ? ብርድ?» ጽጌሬዳ ወደ ዘይነብ ዞረች። ዘይነብ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እኔ የለሁበትም» አለች።

ጽጌሬዳ ጠጋ ብላ መሪማን አሸተተቻት። ራቅ አለች። እንደገና ተጠጋች።

«ዑድ ነው» አለች። «ያንቺ ዘይት የኮኮናት ነው። እኔ ነኝ የገዛሁልሽ።»

መሪማ እጇን ወደ ሻሿ ብትሰድም ጽጌሬዳ ቀደመቻት። ሻሹ ወረደ። የዘይነብ የስፌት መኪና እንኳ ቀጥ አለ።

«ማን ናት?»

«ጎረቤቴ ናት። ራሴን በላኝና...»

«ስሟን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሰዒዳ።»

«ሰማሽ ዘይነብ? ሰዒዳ! እኔ ለማዳም እንግዶች ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ሲጠፋ፣ እሷ ከሰዒዳ ጋር...»

«ሹሩባ እኮ ነው ጽጌ! ሌላ ምን አደረግን?»

«ሌላ ምን ቀራችሁ?»

ዘይነብ የያዘችውን ዓባያ አፏ ውስጥ ወትፋ ተንፈቀፈቀች። መሪማ ግን ሳቅ የሚባል አልመጣላትም። ጽጌሬዳ ዝም ብላ ጣቷን በሹሩባው ላይ እያስኬደች ነበር፤ ስትጮህ ሳይሆን ዝም ስትል ነው የምታስፈራው። በመጨረሻ «ጥሩ ሠርታለች» አለች። ከስድብ ሁሉ ይህ ከፋ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ እዚያው ሰው ካገኘሽ እኔን ምን ያመላልሰኛል?»

«በሞቴ ጽጌ! እንዲህ አትበዪ።»

«አንቺን አልጣላም። ጠቤ ከእሷ ጋር ነው። ተቀመጪ።»

ጽጌሬዳ የሹሩባውን ቀኝ ወገን ብቻ ፈታች። የግራውን አልነካችውም። ከዚያ በፈታችው በኩል እጇ የቻለውን ያህል አጥብቃ፣ እያንዳንዱን ጉንጉን ወደ ኋላ እያጎበጠች፣ ጫፉን እየቋጠረች ሠራች። የመሪማ ቀኝ ቅንድብ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

«ጽጌ፣ ግራውስ?»

«ግራው የእሷ ነው። ጎን ለጎን ትየው።»

«እንዲህ ሆኜ መካ ልግባ?»

«ሻሽ አለሽ አይደል? ከእኔ ለመደበቅ ከበቃ ከሰው ለመደበቅ ይበቃል።»

በዚያው ቀን አመሻሽ ሰዒዳ ወረድ ብላ፣ ሻሹን አስወልቃ ስታየው ሶፋው ላይ ተዘርግታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አደረገች።

«ይህቺ ሴት ግራኝ ናት» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ጉንጉኑ ነግሮኝ። ቁጡም ናት። ከቋጠሮው ያስታውቃል። እጇ ግን... ወላሂ፣ ያያቴ እጅ እንዲህ ነበር። ብዙ ትወድሻለች?»

«ዛሬ እንጃ» አለች መሪማ፣ ቅንድቧን እያሸች።

«እንግዲያውስ መልስ ይገባታል።» ሰዒዳ በግራው ወገን፣ ከጆሮ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ጉንጉን ፈታችና የብር ቀለም ክር አስገብታ መልሳ ጎነጎነቻት። «ኸላስ። ይህን አሳያት።»

ቀጣዩ ሐሙስ ጽጌሬዳ ክሩን አየችና ዓይኗን አጠበበች። «ታሾፍብኛለች!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን መሪማ ያልጠበቀችው ነገር ነበር። ደስ ብሏታል። ጽጌሬዳ በቀኙ ወገን ላይ ሁለት ጉንጉን አሻግራ እንደ መቀነት አሰረች። ሰዒዳ ያን አይታ «ኧረ ጉድ!» አለችና ግራው ላይ የሠርግ ጌጥ የሚመስል ነገር ሠራች። ጽጌሬዳ በሰባራ ዛጎል መለሰች። ሰዒዳ በትንንሽ ዶቃ መለሰች። እንዲህ እንዲህ እያሉ የመሪማን ራስ የሁለት ሴቶች ገበያ አደረጉት። ስትተኛ ዶቃው ይወጋታል፤ ስትሰግድ ዛጎሉ ይንኳኳል፤ ያሲር አንድ ቀን በራት ላይ «ኡሚ፣ ይሄ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ «ጥርሴ ነው» ተብሏል።

መጀመሪያ ላይ መሪማ ደስ ብሏት ነበር። ጽጌሬዳ ሐሙስን አልቀረችማ! ቆይታ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ጽጌሬዳ ስለ ጉልበቷ አትጠይቃትም። ስለ ያሲርም አትጠይቃትም። ገና ከበሩ ሳትገባ፣ «ሻሹን አውጪ! ምን አለች?» ነው። ሰዒዳም ከደረጃው ላይ፣ «ምን ላከች?» ነው። መሪማ ራስ ሆና ቀረች። እንደ ሳህን ትሄዳለች፣ እንደ ሳህን ትመለሳለች።

«ጽጌ፣ ባለፈው ያሲር አሞት ነበር» አለቻት አንድ ቀን።

«ማርያም ትማረው። ይህን ሰማያዊ ዶቃ ከየት ገዛችው በዪኝ?»

መሪማ ያኔ ጨሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ «ከፍቶኛል» ይላል። መሪማ ግን ዋሸች። ያውም ሁለቱንም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ሹሩባውን በሙሉ ፈታች፤ ዛጎልና ዶቃውን በካልሲ ውስጥ አሰረች። ሰዒዳን፣ «የጽጌሬዳ ማዳም እንደገና ከለከለቻት፤ ሐሙስ ቀርቷል» አለቻት። ባሕራ ሄዳ ደግሞ ጽጌሬዳን፣ «ሰዒዳ ታማለች፤ እጇን ማንሣት አልቻለችም» አለቻት።

ጽጌሬዳ የተፈታውን ጸጉር አየች። «ምን አመማት?»

መሪማ በሽታ አላዘጋጀችም ነበር። «ሁሉንም» አለች።

«ውይ እኔን!» ጽጌሬዳ ደረቷን ያዘች። ያን ዕለት የመሪማን ራስ ሠራችላት፤ ግን እንደ ድሮው ሳይሆን በሐሳብ እየነጎደች። አላማችም፤ አልሳቀችም። ቀድማ ተነሥታ ሄደች። መሪማ ራሷን ከፉክክሩ አዳነችው፤ ጽጌሬዳን ግን አላገኘቻትም።

በሳምንቱ ጽጌሬዳ ትልቅ ፔርሙስ ታቅፋ መጣች። «አጥሚት ነው። ሞቅ እንዳለ ትጠጣው» አለች። መሪማ በሆዷ «ይህን እኔው እጠጣዋለሁ» ብላ ተቀበለች። ሐሳቧ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ጽጌሬዳ እስከ መኪናው ድረስ ሸኝታት ለያሲርም አደራ ማለቷ ነው። መካ ሲደርሱ መሪማ ለመስገድ ውዱእ ስታደርግ ልጇ ፔርሙሱን ይዞ ደረጃውን ወጣ።

«ኡሚ፣ የእትዬ ሰዒዳን አጥሚት አድርሻለሁ» አለ ተመልሶ፣ ምርቃት እየጠበቀ።

መሪማ ውሃ እንዳንጠባጠበች ቆማ ቀረች። «ምን አለች?»

«ሳቀች። ‹የታመምኩት እኔ ነኝ?› አለችኝ። ከዚያ ጠጥታ ጨረሰችው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሰዒዳ አልወረደችም። መሪማ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ድንጋጤ ይገባታል። ሐሙስ ሲሆን ያሲርን ልትጠራ ስትል ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ሰዒዳ ጥቁር መነጽር አድርጋ በመስኮት ብቅ አለች።

«ነይ ግቢ። ዛሬ በሽተኛዋ ትወስድሻለች።»

መሪማ በዚያ መንገድ ላይ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ አለች። ከፊሉ ለሰዒዳ ንዴት፣ አብዛኛው ለፍጥነቱ። ባሕራ ደረሱ። ከመጋረጃው ኋላ ጽጌሬዳ ተቀምጣለች። ሰዒዳ ባዶውን ፔርሙስ በክንዷ ሥር ይዛ ፊቷ ቆመች። ሁለቱ ከእግር እስከ ራስ ተያዩ። ዘይነብ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ መጋረጃውን ከፈተችው፤ ይህን ደግሞ ማን ያሳልፋል?

«ጽጌሬዳ ነሽ?» አለች ሰዒዳ።

«ሰዒዳ ነሽ? ጸሎት እያደረስኩልሽ ነበር እኮ።»

«ሠርቷል፤ ይኸው ቆሜ መጣሁ። አጥሚቱ ግን ጨው አንሶታል።»

ጽጌሬዳ ተነሣች። መሪማ ዓይኗን ጨፈነች። የሰማችው ግን የጉንጭ ድምፅ ነበር፤ ሁለቱ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣ ደግመው በዚህ እየተሳሳሙ።

«ካልታመምሽ ሹሩባውን ለምን ተውሽው?» አለች ጽጌሬዳ።

«ማዳምሽ እንደከለከለችሽ ነገረችኝ። ላንቺ ደግሞ እኔን ገደለችኝ!»

ሁለቱም ዞረው መሪማን አይዋት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች መሪማ። «አንዳችሁም ደህና ነሽ ወይ አትሉኝ! እኔ ሰው ነኝ ወይስ የሹሩባ ማሳያ? ያሲር ታሞ ስነግርሽ ዶቃ ጠየቅሽኝ፣ ጽጌ! ዶቃ!»

ጽጌሬዳ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ያሲር ታሞ ነበር እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«ነገርኩሽ እኮ!»

«ጆሮዬ ይቆረጥ። አልሰማሁሽም።» የመሪማን ክንድ ይዛ አስቀመጠቻት። «አሁን ተሽሎታል? ምን ነበር ያመመው?»

«ሆዱን ነው። ደህና ነው አሁን።»

ያን ከሰዓት መሪማ መካከል ተቀመጠች፤ ሰዒዳ በግራ፣ ጽጌሬዳ በቀኝ። ስለ ያሲር ሆድ ተጠየቀች፤ ስለ ጉልበቷም ተጠየቀች። ቆይቶ ወሬው ከራሷ በላይ ማለፍ ጀመረ። ሰዒዳ ስለ አያቷ፣ ጽጌሬዳ ስለ ማዳሟ፣ ሁለቱም ስለ መሪማ ማንኮራፋት። ወሎ ውስጥ ምን ዓይነት ሹሩባ ለማን እንደሚሠራ ሲከራከሩ መሪማ ቀና ልትል ሞከረች።

«አትነቃነቂ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሲጨርሱ ጽጌሬዳ ሻሿን ፈታች። ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ሰዒዳ ጣቷን አፍታትታ ማበጠሪያውን አነሣች፤ ዓይኗ አብርቷል። ያን ራስ ከመሪማ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ሰዒዳ ደግሞ የተሻለች መሆኗን ሦስቱም ያውቃሉ፤ ዘይነብም ታውቃለች።

ጽጌሬዳ የሰዒዳን እጅ ቀስ ብላ ገፋችው።

«አንቺ ቁጭ በዪ፣ የኔ እመቤት። ይህ ራስ ባለቤት አለው።» ማበጠሪያውን ተቀብላ ለመሪማ ሰጠቻት።

መሪማ ከኋላዋ ተቀመጠች። አንዱን አወፈረች፤ አንዱን አቀጠነች፤ አንዱ ወደ ጆሮ ሄደ፣ አንዱ መንገድ ላይ ጠፋ። ሰዒዳ መነጽሯን አድርጋ አየች፤ አውልቃም አየች።

«ያ ረቢ! ይህ ምንድን ነው? የፍየል መንገድ ነው?»

«አውቃለሁ» አለች ጽጌሬዳ። «ስንት ዘመን ይዤው ዞርኩ መሰለሽ! አንድ ሠርግ ላይ እንዲያውም ሙሽራዋ አይታ አለቀሰች።»

ሰዒዳና ዘይነብ ተያይዘው ሳቁ። ጽጌሬዳም ሳቀች፤ ራሷ ተነቃነቀ። መሪማ በእጇ የያዘችውን ጉንጉን ከሚያስፈልገው ትንሽ አጥብቃ፣ ሆን ብላ፣ ሳብ አደረገችው።

«ኧረ ቀስ!» ጮኸች ጽጌሬዳ።

«አትነቃነቂ» አለች መሪማ።